የታናሹ ያዕቆብ አልጋ

ሰኔ 9

ለልብስ ሰፊዋ እመቤት፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ደብዳቤዎ መልእክት በሚያመላልሰው ሹፌር ኪስ ውስጥ ከመኪና ዘይት ጋር ታሽቶ ቢደርሰኝም ተነቧል። ስለ እጅ ጽሑፍዎ ይቅርታ የጠየቁት ያለ ነገር ነው፤ የሐኪሞቻችንን ጽሑፍ ለለመደ ሰው የእርስዎ ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስላል።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። አዎ፣ ቤታችን ቅዱስ ያዕቆብ ይባላል። ነገር ግን "የወንዙ አደጋ ሰዎች ቅዱስ ያዕቆብ ተወስደዋል" ያለዎት ሰው የትኛውን እንዳለ ደግመው ይጠይቁት። ወደቡ ላይ ያለው ሆስፒታልም ቅዱስ ያዕቆብ ነው፤ እሱ የዘብዴዎስ ልጅ፣ በሰይፍ የሞተው ሐዋርያ ነው። ከተራራው ማዶ ያለው የእጅና የእግር መጠገኛ ቤትም ቅዱስ ያዕቆብ ነው፤ እሱ ደግሞ ግሙዱ፣ አካሉ ተቆራርጦ የሞተው ሰማዕት ነው። የእኛ ቤት የየትኛው እንደሆነ መሥራቹ ሳይነግሩን ሞቱ። እኛም ማንንም ላለማስቀየም ሁሉንም ወሰድናቸው።

ቀልድ አይደለም። እዚህ ማንነቱ ሳይታወቅ፣ መናገር ሳይችል የመጣ ወንድ ሁሉ ያዕቆብ ይባላል። ስም የሌለው ሰው መድኃኒቱ እንኳ ለጎረቤቱ ይሰጥበታል። እርስ በርስ እንዳይምታቱ ደግሞ የቅዱሳኑን ቅጽል አብረን እንሰጣቸዋለን፤ ታላቁ ያዕቆብ፣ ታናሹ ያዕቆብ፣ የጌታ ወንድም፣ ዘንጽቢን፣ ዘሥሩግ፣ ግሙዱ። እኔ ከበሩ ላይ "ያዕቆብ" ብዬ ብጣራ ክፍሉ በሙሉ ቀና ይላል።

ስለዚህ "ያለ ስም የተኛ ሰው አለ ወይ?" ላሉኝ፣ አንድ ክፍል ሙሉ አለ። የወንድምዎን ምልክት ይጻፉልኝ። ቶሎ ቢያደርጉት ደግ ነው፤ ቤቱ በነሐሴ መጨረሻ ይዘጋል። ባለቤት ያልመጣላቸው ሰዎች ለሌሎች ቤቶች ይከፋፈላሉ፤ እዚያም ሌላ ስም ይወጣላቸዋል። ከዚያ በኋላ እኔም ብሆን ፈልጌ አላገኛቸውም።

የወንዶች ክፍል ኃላፊ ሲስተር


ሰኔ 21

ለተከበሩ ሲስተር፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን፤ ድልድዩ ግን ደህና አይደለም። ባለፈው ሳምንት ወንዙ ይዞት ሄደ። ስልኩም አብሮ ተቆረጠ። ሹፌሩ ወረቀቱን በገመድ አሻግሬ አደርሳለሁ ብሎ ምሎልኛል፤ ረጥቦ ቢደርስዎ በእኔ አይፍረዱ።

"የወንድምዎን ምልክት ይጻፉልኝ" ብለውኛል። ለፍላፊ ነው። ቤት ውስጥ ሬዲዮ ነው የምንለው። ከማሕፀን እያወራ ወጣ ትላለች እናቴ። እሱ ዝም ካለ ታሟል ማለት ነው፤ ስለዚህ "መናገር ሳይችል የመጣ" የሚለውን ሳነብ ስፌቴን አቆምኩ።

ረጅም ነው፣ ቀጭን። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ልጅ ሆነን በካውያው ተጣልተን ያተረፈው ነው። ጥርሱ የተሟላ ነው። ሥራው እንደ እኔው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሁለታችንንም ያስተማረችን እናታችን ናት። አምና ሐምሌ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሊያደርስ በጭነት መኪና ላይ ወጣ። መኪናው ወንዝ ውስጥ ገባ። ከተሳፈረው ሰው ግማሹ የት እንደደረሰ አልታወቀም። ዩኒፎርሙ ግን ተገኝቶ መጣልኝ። አጥቤ ተኩሼ ሱቁ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ የሚገዛውም የለም፣ እኔም ልጥለው አልቻልኩም።

"እናትዎ ያውቃሉ ወይ?" ቢሉኝ፣ ለእርስዎ መጻፌን አታውቅም። ከአልጋ አትነሳም፣ ዓይኗም ደክሟል። ሞቷል እንዳልላት አልቀበርኩት፤ አለ እንዳልላት አላየሁት። ቁርጡን እስካውቅ ሆድ ይፍጀው ብያለሁ።

በመጀመሪያው ደብዳቤ "የሰው ስም የማያውቅ ምን ዓይነት ሆስፒታል ነው" ያልኩትን ይርሱልኝ። ምላሴ ከመርፌዬ ይፈጥናል። የተማሪ ቤት ፎቶውን ልኬያለሁ። ሌላ የለኝምና ይመልሱልኝ።

ልብስ ሰፊዋ


ሐምሌ 3

ለልብስ ሰፊዋ እመቤት፣

ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርዎ። አንድ ሰው አለ። ታናሹ ያዕቆብ የምንለው ነው። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። ረጅምና ቀጭን ነው። አምና ክረምት ከወንዙ የወጣ ነው። አይናገርም፤ የምንለውን ግን ይሰማል።

እዚህ ጋ ቆም ይበሉ። ፎቶውን ለክፍሉ ሠራተኞች አሳይቼ ነበር፤ ግማሹ እሱ ነው አለ፣ ግማሹ ደግሞ በፍጹም አለ። ፊቱ ተሰብሮ የዳነ ነው። የፊት ጥርሶቹ የሉም። በጻፉልኝ የቤት ስሙ ልጥራው ብዬ አጠገቡ ሄጄ "ሬዲዮ" አልኩት። ቀና አለ። ተገኘ አልኩ። እሱ ግን መስኮቱ ላይ ያለውን ሬዲዮ ሄዶ ከፈተልኝ።

ይበላል ወይ ቢሉኝ፣ ከእኔ ይበልጣል። ቀኑን በምን ያሳልፋል ቢሉኝ፣ ከልብስ አጣቢዋ ጋር አንሶላ ያጥፋል። ጠርዙን ከጠርዝ ሳያገጥም አይለቅም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ለእናትዎ እንዳይነግሩ። ገና ነው።

ሲስተር


ሐምሌ 15

ለተከበሩ ሲስተር፣

ይቅር ይበሉኝ፤ ነገርኳት። ልነግራት አስቤ አልነበረም። ደብዳቤዎን ሳነብ ትንፋሼን ሰማችው መሰለኝ፣ "ምን ተገኘ?" አለችኝ። አንሶላ ያጥፋል የሚለው ላይ ደርሼ ስለነበር አለቀስኩ፤ እሷ ናት እንደዚያ ያስተማረችን። ከዚያ ቀን ወዲህ ትራስ ተደግፋ ትቀመጣለች። ሾርባ ትጠጣለች። የእሱን አልጋ አስነጥፋኛለች። "ይምጣና እስኪ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ወሬ እንሰማዋለን" ትላለች። ድምፁ እንደሌለ ልነግራት አፌ እምቢ አለኝ።

እዚህ ድረስ ጠዋት የጻፍኩት ነው።

አሁን ሹፌሩ ደብዳቤውን ሊወስድ መጣ። ፊቴ በርቶ ሲያየኝ "ምን ተገኘ?" አለኝ፤ ከደስታዬ ሳልደብቀው፣ "ወንድሜ ተገኘ፣ ታናሹ ያዕቆብ የሚሉት እሱ ነው" አልኩት። ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። "ታናሹ ያዕቆብ በጥር ሞቷል። ለቀብር የጫንኩት በዚህችው መኪናዬ ነው" አለኝ።

ሲስተር፣ እርስዎ አንሶላ ያጥፋል ይሉኛል፣ እሱ ቀብሬዋለሁ ይለኛል። ምን እየሠራችሁ ነው? ቤቱ ሊዘጋ ነው ብላችሁ፣ ክፍሉን ለማራገፍ ያገኛችሁትን ሰው ለለቀስተኛ ሁሉ ታድላላችሁ? እናቴ እኮ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። እኔ አሁን ገብቼ ምን ልበላት?

ቁርጡን ይጻፉልኝ። ሰላምታ የለኝም።


ሐምሌ 27

ለልብስ ሰፊዋ፣

የጻፉብኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በእርስዎ ቦታ ብሆን ከዚህ የከፋ እጽፍ ነበር።

ሹፌሩ አልዋሸም፤ እኔም አልዋሸሁም። ልንገርዎ የሚገባኝን ግን አልነገርኩዎትም፤ ለእኛ የዕለት ተዕለት ነገር ስለሆነ ትዝም አላለኝ። እዚህ ስም የአልጋው ነው። አንድ ያዕቆብ ሲሞት አልጋው ባዶ አይቆይም፣ ቅጽሉም ባዶ አይቆይም፤ ቀጥሎ የሚተኛው ይወርሰዋል። በጥር የሞተው ታናሹ ያዕቆብ ነበር። አሁን ያለውም ታናሹ ያዕቆብ ነው። ሁለት ሰዎች ናቸው።

እኔ ወደዚህ ክፍል የመጣሁት በመጋቢት ስለሆነ የሞተውን አላውቀውም። መዝገቡን እንዳይጠይቁኝ፤ መዝገቡም አልጋውን እንጂ ሰውየውን አይለይም። አምናም እዚህ የነበረውን ዘበኛ ይዤ አፋጠጥኩት። የነገረኝ ይህ ነው። አምና ከወንዙ ሁለት ወንዶች በአንድ ቀን መጡ። የሁለቱም ፊት በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ሁለቱም ረጃጅም ናቸው፤ ሁለቱም አይናገሩም። ባዶ የነበረው አንድ አልጋ ነው። አንደኛው አልጋውንና ስሙን አገኘ። ሁለተኛው ከአልጋው ትይዩ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጠፈለት፤ ስም ስላልደረሰው "ተረኛው" ይሉት ነበር። ፊት ለፊት እየተያዩ በእጃቸው ሲያወሩ ይውሉ ነበር ይላል ዘበኛው። በጥር ባለ አልጋው ሳንባውን ታሞ ሞተ። ተረኛው ወደ አልጋው ወጣ።

ጠባሳው እንዳይሸነግለን። ከዚያ መኪና በሕይወት ወጥቶ ግንባሩ ያልተሰፋ የለም።

እንግዲህ ወንድምዎ ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ይህን ስጽፍ አፍሬ ነው። ለእናትዎ ምን እንደሚሉ መምከርም አልደፍርም፤ የመከርኩት እንዳልጠቀመ አይቻለሁ።

ሲስተር


ነሐሴ 4

ለተከበሩ ሲስተር፣

እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ሰላምታ ስለከለከልኩዎ አሁን ሁለቱን አንድ ላይ ይቀበሉ።

ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም። ምግብ እየበላች ነው። ስታኝክ ባየሁ ቁጥር ወደ ሱቁ እወጣለሁ።

ደብዳቤዎን ይዤ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። ፊት ቢሰበር፣ ጥርስ ቢወልቅ፣ ድምፅ ቢጠፋ፣ እጅ የለመደውን አይረሳም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ሸሚዝ ልኬያለሁ። ከወንዙ ከተረፉት ዩኒፎርሞች አንዱ ነው። ላይኛውን ቁልፍ ቆርጬ ኪሱ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ክርና መርፌም አለ። ይህን ለታናሹ ያዕቆብ ይስጡት። እንዲሰፋው አይዘዙት፣ አያሳዩት፣ አይርዱት። ብቻ አጠገቡ ያስቀምጡለት።

በእኛ ቤት ቁልፍ የሚሰፋበት መላ አለ፤ እናቴ ያወጣችው ነው፤ ሌላ ልብስ ሰፊ እንዲህ አይደክምበትም። እንዴት እንደሆነ ግን አልነግርዎትም። ከነገርኩዎ ዓይንዎ የፈለገውን ያያል፤ ሰው አይደሉ? ሸሚዙን እንዳለ መልሰው ይላኩልኝ። እኔ አየዋለሁ።

ካልሰፋውም ያው ካልሰፋ ነው፤ መልስ ነው። ብቻ ቶሎ ይሁን። ነሐሴ እየሮጠ ነው።

ልብስ ሰፊዋ


ነሐሴ 16

ለልብስ ሰፊዋ፣

ሸሚዙ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ስፌቱን እንዳልነካካሁት ታምኚኝ ዘንድ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰፍቼዋለሁ፤ የእኔን ስፌት አይተሽ እንዳትስቂ።

አንቺ ያልኩሽ ተሳስቼ አይደለም። ለአንቺ ስል ዋሽቻለሁ፤ የዋሹለትን ሰው እርስዎ ማለት ደግሞ አይመችም። የሆነውን ልንገርሽ።

ሸሚዙን እንዳልሽው የአልጋው ራስጌ ላይ አኖርኩት። አልነካውም። በማግስቱም አልነካውም። የክፍሉ ሰው ሁሉ ነገሩን ስላወቀ ሰበብ እየፈለገ በዚያ በኩል ያልፋል፤ ታላቁ ያዕቆብ እንኳ ከአልጋው ተነስቶ ሲያይ ነበር። ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ ሁሉም ተስፋ ቆርጦ ሲተወው፣ ሸሚዙን ጭኑ ላይ አደረገ። ኪሱን ዳበሰ። ቁልፉን አገኘ። ብዙ አየው። ማንኪያውን በቀኙ የሚይዝ ሰው መርፌውን በግራው ያዘና ሰፋው። ሲጨርስ ክሩን በድዱ ሊበጥስ ሞክሮ አቃተው፤ መቀስ ሰጠሁት። ከዚያ ቀና ብሎ ማዶውን፣ ግድግዳውን አየ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ምን እንዳየ አላውቅም።

እኔ የገባኝ ነገር የለም። ሰፋ ማለት ግን ልብስ ሰፊ ነው ማለት ነው አይደል? እንዲህ ብዬ ራሴን ሳጽናና እውላለሁ።

አሁን ውሸቴን ስሚ። አስተዳዳሪው ቀኑን አሳጠረው። የሚወስዳቸው መኪና መጥቶ ነበር። ታናሹ ያዕቆብ ከተራራው ማዶ ወዳለው ወደ ግሙዱ ቤት ተመድቧል። እዚያ ያዕቆብ አይሉትም፤ በቁጥር ነው የሚጠሩት። "ትኩሳት ይዞታል፣ መንገድ አይችልም" አልኩና አስቀረሁት። ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ የሌለ ትኩሳት አስመስዬ አላውቅም። እስከ ወሩ መጨረሻ ልይዘው እችላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን በሩም ይዘጋል፣ እኔም እሄዳለሁ። ቶሎ ጻፊልኝ። አዎ ከሆነም፣ አይደለም ከሆነም።

ሲስተር


ነሐሴ 23

ለሲስተር፣ ለእህቴ፣

ሸሚዙ ደረሰኝ። ስፌትሽን ፈታሁት፤ አልሳቅኩም።

መላውን አሁን ልንገርሽ። በእኛ ቤት ቁልፍ ጨርቁ ላይ አይለጠፍም። ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይሰፋና ክሩ ከሥሩ ወደ ቀኝ እየተጠመጠመ አንገት ይሠራለታል፤ ቋጠሮው ከአንገቱ ሥር ይደበቃል። ልጅ ሲጎትተው አይበጠስም። እናቴ ስታስተምረን ሁልጊዜ ከጎኗ ታስቀምጠን ነበር። ፊት ለፊቷ ከተቀመጥን በማስመሪያ ጉልበታችንን ትመታን ነበር፤ "ፊት ለፊት የተማረ ግልባጩን ይማራል" እያለች። እውነቷን ነው። ትይዩ የተቀመጠ ሰው የአስተማሪውን ቀኝ በግራው ነው የሚከተለው። እንደ መስታወት።

ሸሚዙን ብርሃን ጋ ወሰድኩት። አንገቱ አለ። ቋጠሮው ተደብቋል። የእኛ ቤት ቁልፍ ነው። ክሩ ግን የተጠመጠመው ወደ ግራ ነው።

ሲስተር፣ ወንድሜ እንደዚህ ሊሰፋ አይችልም። እጁ ቢቆረጥ እንኳ ወደ ግራ አይጠመጥምም። ይህን የሰፋው ሰው ከእኛ ቤት ነው የተማረው፤ ግን ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው የተማረው። አልጋ ላይ ያለው አሳየ፤ መሬት ላይ ያለው እያየ ተማረ። አልጋው ላይ የነበረው ወንድሜ ነው። በጥር የሞተው የእኔ ነው።

ምላሱን ቢያጣ በእጁ ለፈለፈ። ሬዲዮ ነዋ፤ ሰው ካገኘ ዝም አይልም። ይህን ሳስብ እያለቀስኩ ሳቅኩ፤ ሳቄን ሰምታ እናቴ ጠራችኝ።

መደበቅ አልቻልኩም። ሸሚዙን ሰጠኋት። ዓይኗ ደክሟል አላልኩሽም? በአውራ ጣቷ የቁልፉን አንገት አንድ ጊዜ ዳሰሰችው። እንደገና ዳሰሰችው። "የእሱ እጅ አይደለም" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። ከትራሱ ላይ ቀስ ብላ ወረደችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አጠገቧ ተኛሁ። ልጇን ያን ጊዜ ነው የቀበርነው፣ እሷና እኔ፣ ያለ ለቀስተኛ።

ሲነጋ ውሃ ጠየቀችኝ። ጠጥታ "የሰፋው ልጅ ማን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። "እናት አለችው?" አለች። አይታወቅም አልኳት። "እንግዲያ አንዷ እንደ እኔ ትራስ ተደግፋ እየጠበቀችው ነዋ። የት ሊወስዱት ነው ያልሽኝ?"

ስለዚህ ትኩሳቱን አቆይልኝ። እመጣለሁ። ወንዙን በገመድ እሻገራለሁ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ፤ ጎረቤቴ እናቴን ትጠብቅልኛለች። ለአስተዳዳሪው ባለቤት መጣለት በይው። አንቺ ግን እውነቱን ያዢልኝ። የወንድሜን ስም አልሰጠውም፤ ያን መቃብሩ ላይ በእጄ እጽፈዋለሁ፣ ሹፌሩ ያሳየኛል። ልጁ የሌላ ሰው ወንድም ነው። የገዛ ቤቱን እስክናገኝለት ድረስ እኛ ቤት ሲሰፋ ይቆያል፤ በቁጥር አይጠራም። እስከዚያ ድረስ ታናሹ ያዕቆብ ነው፤ ስሙን ከወንድሜ ነው የወረሰው፤ አልከለክለውም።

አንዲት ነገር አዘጋጂልኝ። አልጋው አጠገብ ወንበር አኑሪ። ፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎኑ።

ልብስ ሰፊዋ